ሰመር ላይ ሥራ በመኪና ወይስ በሜትሮ? ሶፍት ላይ የተሠራ ሂሳብ

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። የአክስቴ ልጅ አዲስ ሥራ አግኝታለች። ቢሮው ዋሽንግተን ዲሲ መሀል፣ ፋራጉት አካባቢ ነው። ሰኞ ልትጀምር ነው። «በመኪና ልሂድ ወይስ በሜትሮ?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ባንዴ መለስንላት።

አጎቴ «ልጄ፣ መኪና እያለሽ ምን በወጣሽ ባቡር ላይ ትጋፊያለሽ?» አሏት። ጎረቤታችን ደግሞ የሜትሮ ሰው ነው። ሬድ ላይን በሚባለው የሜትሮ መስመር ላይ ዕድሜውን ጨርሷል። «ዳውንታውን መኪና ይዞ የሚገባ ብር የተረፈው ነው» አለ። እሷ ስልኳን አውጥታ ደመረች። «ሜትሮ ደርሶ መልስ 8 ዶላር። ቤንዚን 2 ዶላር። በቃ መኪና ይሻላል ማለት ነው?»

ይሄኔ ነው ስኒዬን አስቀምጬ ሶፍት የሳብኩት። ይቺ «8 እና 2» የምትል ሂሳብ ብዙ ሐበሻ ቤት አለች። ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው። ሲወዳደሩ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

አንድ ነገር ግን ላስቀድም። እዚህ «ሰመር» የምንለው ከጁን እስከ ኦገስት ያለውን ሙቀት ነው። አገር ቤት በነዚያው ወራት ክረምት ነው። እነሱ ጃንጥላ ይዘው፣ እኛ በላብ ተጠምቀን፣ በስልክ «እንዴት ነው አየሩ?» እንባባላለን። ዝናቡ እዚህም አይቀርም፤ ወደሱ እመጣለሁ። ሰዓቱን ሁሉ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ያቺ 2 ዶላር

ከሲልቨር ስፕሪንግ ፋራጉት በመኪና 8 ማይል ያህል እንበል። ደርሶ መልስ 16። መኪናዋ በጋሎን 25 ማይል ትሄዳለች። ጋሎኑን በ3 ዶላር ከ30 ብንይዘው የቀኑ ቤንዚን 2 ዶላር ከ10 ሳንቲም አካባቢ ይመጣል። እስከዚህ ልክ ናት።

መኪና ግን ቤንዚን ብቻ አትበላም። ጎማ ትበላለች፣ ዘይት ትበላለች፣ የፍሬን ሸራ ትበላለች። ማይሉ በጨመረ ቁጥር የምትሸጥበት ዋጋም ይወርዳል። የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ በየዓመቱ መኪናን ለሥራ ጉዳይ ለሚነዱ ሰዎች የማይል ተመን ያወጣል። የ2025ቱ በማይል 70 ሳንቲም ነበር። ቤንዚኑ፣ ጥገናው፣ ኢንሹራንሱ፣ የመኪናዋ እርጅና፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ተጠቃሏል። በዚህ ተመን 16 ማይል 11 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው። (ከቤት ሥራ መመላለስ ከታክስ አይቀነስም፤ እዚህ ያመጣሁት ለመለኪያ ያህል ነው።)

እና የቱ ነው እውነቱ? 2 ነው ወይስ 11? ለዚህ መልስ ለመስጠት አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ። «ሜትሮ ብትይዢ መኪናሽን ትሸጫታለሽ?»

«አልሸጥም እንጂ! ቅዳሜ ገበያውስ? እሁድ ቤተ ክርስቲያንስ?»

አዩ፣ ነገሩ እዚህ ጋ ይለያያል። መኪናዋን ካልሸጠች ኢንሹራንሱን ብትነዳም ባትነዳም ትከፍላለች። የባንክ ክፍያውንም እንዲሁ። ሜትሮ ስለያዘች ማንም አይመልስላትም። ስለዚህ ለሷ የመንዳት ወጪ ማለት፣ ብትነዳ ብቻ ከኪሷ የሚወጣው ነው። ቤንዚኑ፣ የጎማውና የጥገናው ድርሻ፣ ትንሽም የዋጋ መውረድ። በ2 እና በ11 መሀል ነው፤ 5 ዶላር እንበለው።

ሁለት መኪና ያላቸው ባልና ሚስት ግን ሌላ ናቸው። አንዱ ሜትሮ ቢይዝና ሁለተኛዋ መኪና ብትሸጥ፣ ኢንሹራንሷም ክፍያዋም አብሮ ይሄዳል። እነሱ ሙሉውን ዋጋ ነው መቁጠር ያለባቸው። አንድ ቤት ከመኪና ወደ ሜትሮ ሲዞር ትልቁ ገንዘብ የሚተርፈውም በዚህ መንገድ ነው። መኪናዋን በር ላይ አቁሞ ሜትሮ የሚሄድ ሰው ያን ያህል አያተርፍም።

እንግዲህ ለአክስቴ ልጅ መኪና 5፣ ሜትሮ 8። አጎቴ ፈገግ አሉ። ፓርኪንግ ገና አልመጣም ነበር።

ፓርኪንግ

ዳውንታውን ጋራዥ፣ ማለትም የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ፣ ቀኑን ሙሉ 20 ዶላር እንበል። በአፕ ቀድመው ከያዙት ሊቀንስ ይችላል። 5 የነበረው 25 ሆነ። በወር 21 የሥራ ቀን ቢኖር መኪናው 525 ዶላር፣ ሜትሮው 168። ልዩነቱ 357 ዶላር። አጎቴ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ።

ዲሲ ውስጥ ጋራዥ ስትገቡ ቲኬቱን የሚቀበላችሁ ብዙ ጊዜ የኛው ሰው ነው። «ደህና ዋላችሁ?» ትባባላላችሁ። ዋጋው ግን ያው ነው።

መንገድ ዳር አቆማለሁ የሚል ካለ ምልክቱን ሁለቴ ያንብብ። ዳውንታውን የፓርኪንግ ሜትሩ ከጥቂት ሰዓት በላይ አያስቆምም። በትልልቆቹ መንገዶች ላይ ደግሞ ጠዋትና ማታ፣ ትራፊክ በሚበዛበት ሰዓት፣ ማቆም ክልክል ነው። ዘግይቶ የወጣ ሰው መኪናውን ቦታዋ ላይ አያገኛትም፤ ተጎትታለች። የፍጥነት ካሜራም አለ። ዲሲ ውስጥ ከተፈቀደው 11 ማይል ካለፋችሁ ቅጣቱ 100 ዶላር ነው። አንዴ ብልጭ አለች ማለት የ12 ቀን ሜትሮ ሄደ ማለት ነው።

በተቃራኒው አሠሪው ነጻ ፓርኪንግ ከሰጠ፣ ወይም ሥራው ሰፊ ፓርኪንግ ያለው ሰፈር ከሆነ፣ ሂሳቡ ይገለበጣል። 5 ለ 8 ነው፣ መኪና ይረታል። ለዚህ ነው ቡና ላይ ሁሉም የሚከራከረው። አንዱ ጋራዥ እየከፈለ፣ ሌላው በነጻ እያቆመ፣ ሁለቱም «እኔን ስማ» ይላሉ።

የሜትሮው 8 ዶላርም ይቀንሳል

የሜትሮ ባቡር የሚያስከፍለው በርቀት ነው። 2024 ሰመር ላይ ከተጨመረ ወዲህ በሥራ ቀን ትንሹ 2 ዶላር ከ25፣ ትልቁ 6 ዶላር ከ75 ነው። ማታ ከ9:30 በኋላና ቅዳሜና እሁድ ከ2 ዶላር ከ50 አያልፍም። አውቶቡሱ የትም ይሂድ 2 ዶላር ከ25 ነው። በሜትሮ ካርዱ፣ በስማርትሪፕ፣ ከፍላችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከአውቶቡስ ወደ ባቡር ከተሻገራችሁ 2 ከ25ቱ ይቀነስላችኋል። እኔ ለሷ አንዱን ጉዞ 4 ዶላር ብዬ ነው የያዝኩት።

ብዙ ሰው የማያውቀው የወር ፓሱን ነው። ዋጋው የ32 ጉዞ ነው። የ4 ዶላር መንገደኛ 128 ዶላር ከፍሎ ወሩን ሙሉ እንደልቡ ይሄዳል። 21 ቀን የሚመላለስ ሰው 42 ጊዜ ስለሚገባ 168 ይከፍል ነበር፤ 40 ዶላር ተረፈው። ልብ በሉ፣ 32 ጉዞ ማለት 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በታች የምትሄዱ ከሆነ ፓስ አትግዙ።

«እኔ እኮ ሐሙስና ዓርብ ከቤት ነው የምሠራው» አለች እዚህ ላይ።

ይሄን መጀመሪያ ብትነግረን ኖሮ ሶፍቱ ይተርፍ ነበር። በወር 13 ቀን ብቻ ነው የምትሄደው። 26 ጉዞ፣ 104 ዶላር። ፓሱ አያዋጣትም፣ በየጉዞው ትክፈል። መኪናው ደግሞ 13 በ25፣ 325 ዶላር።

ቀጥሎ የታክሱ ጉዳይ አለ። አሠሪዎች የትራንስፖርት ገንዘባችሁን ታክስ ሳይነካው ከደሞዝ እንዲያስቀሩላችሁ ሕጉ ይፈቅዳል። በ2025 ጣሪያው በወር 325 ዶላር ነበር። ዲሲ ውስጥ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ይህን ዕድል የመስጠት ግዴታ አለበት። በጠቅላላው 30 በመቶ ያህል ታክስ የምትከፍል ከሆነ 104ቱ እንደ 73 ዶላር ይቆጠርላታል። ማድረግ ያለባት ኤችአር ሄዳ ፎርሙን መጠየቅ ብቻ ነው። ሰው ግን አይጠይቅም። እኔም ራሴ ሁለት ዓመት ሳልጠይቅ ኖሬያለሁ፤ ስንት እንደከሰርኩ ማስላት አልፈለግሁም።

ፉድ ስታምፕ የሚያገኝ ሰው ሜትሮ ሊፍት በሚባለው ፕሮግራም ተመዝግቦ በግማሽ ዋጋ ይሄዳል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የሚሠራው ራይድ ኦን አውቶቡስ ከ2025 ጁን መጨረሻ ጀምሮ ነጻ ሆኗል። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ዳሽ የሚባለው አውቶቡስ ከ2021 ሴፕቴምበር ወዲህ ነጻ ነው። ሳውዘርን ታወርስ የምትኖሩ፣ 35 ቁጥር ዳሽ ሳንቲም ሳያስከፍላችሁ ፔንታጎን ሜትሮ ያደርሳችኋል። የሜትሮ አውቶቡሶች ቁጥር ደግሞ በ2025 ሰመር ተቀይሯል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ለዘመናት «70» ስንለው የኖርነው አሁን ዲ40 ነው። እናቶቻችን ግን አሁንም 70 ነው የሚሉት። ትክክል ናቸው።

ሰዓቱስ?

ባቡሩ ከሲልቨር ስፕሪንግ ፋራጉት ኖርዝ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ሰው ይሄን ሰምቶ «ከመኪና ይፈጥናል» ይላል። መቆጠር ያለበት ግን ከበር እስከ በር ነው። ጣቢያ ድረስ 10 ደቂቃ እግር፣ 5 ደቂቃ ጥበቃ፣ ከወረዱ በኋላ 7 ደቂቃ። ድምሩ 42። ዊተን ጣቢያ የሚሳፈር ደግሞ ኤስካሌተሩን ይቁጠር። 70 ሜትር ርዝመት አለው፣ ቆሞ ለሚወርድ ሰው ብቻውን 3 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የቆመ ቀን ደግሞ ጂም መሄድ አያስፈልጋችሁም።

መኪናው በደህና ቀን 30፣ በክፉ ቀን 60 ደቂቃ ነው እንበል። አማካዩ 42 ሊሆን ይችላል፤ ከሜትሮው ጋር እኩል። እኩል ናቸው ማለት ግን አይደለም። ሜትሮው ብዙውን ቀን 42 ነው። መኪናው አንድ ቀን 30፣ አንድ ቀን 60። 9:00 ላይ መግባት ያለበት ሰው 42 ብሎ መውጣት አይችልም፤ ለክፉው ቀን ነው የሚወጣው። ስለዚህ በደህናው ቀን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ደርሶ ጋራዥ ውስጥ ስልኩን ሲነካካ ይቆያል። ያም ጊዜ ነው።

ሥራችሁ መዘግየትን የማይምር ከሆነ ክፉውን ቀን አወዳድሩ። በደረሳችሁበት ሰዓት የምትገቡበት ከሆነ አማካዩ ይበቃችኋል።

ሰመር የሚቀይረው

እስካሁን ያልኩት በየትኛውም ወር ይሠራል። ሰመር ግን የራሱ ጠባይ አለው።

መጀመሪያ ደስ የሚለው። ጁን አጋማሽ ላይ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ቢጫ አውቶቡሶቹ ከመንገድ ይወጣሉ። ኦገስት ሲገባ ኮንግረስ ለረፍት ይበተናል፣ ከተማው ይረጋጋል። የመኪናው 60 ደቂቃ እየሳሳ ይመጣል። ኦገስት ላይ መንዳት የጀመረ ሰው «እንዲህ ቀላል ነው እንዴ!» ብሎ የዓመት ፓርኪንግ ይፈራረማል። ሌበር ደይ (የሴፕቴምበር መጀመሪያው ሰኞ በዓል) ባለፈ ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁሉም ተመልሶ መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። ሂሳባችሁን በኦገስት መንገድ አትሥሩ።

ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ባሕር ዳርቻ፣ ኦሽን ሲቲ፣ የሚሄደው ሁሉ ወደ ቤይ ብሪጅ ድልድይ፣ ደቡብ የሚወርደው ሁሉ ወደ 95 አውራ ጎዳና ይተምማል። ዓርብ 3 ሰዓት ላይ በዚያ በኩል ወደ ቤት የሚነዳ ሰው፣ የባሕር ዳርቻ ሳይሄድ የባሕር ዳርቻ ትራፊክ ይቀምሳል።

ሙቀቱ ሁለቱንም ይጎዳል። ሐዲድ ብረት ነው፣ ሲሞቅ ይረዝማል። የሚረዝምበት ቦታ ከጠበበው ወደ ጎን ይጎብጣል። በ2012 ጁላይ ዌስት ሃያትስቪል አጠገብ አንድ የግሪን ላይን ባቡር ከሐዲዱ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሐዲዱ ራሱ 135 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ፣ ከመሬት በላይ ባለው መስመር ባቡሮቹ ወደ 35 ማይል ፍጥነት እንዲወርዱ ይደረጋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ከመሬት በላይ ነው። በጣም በሚያቃጥል ቀን ከሰዓት 10 ደቂቃ ጨምሩ።

አንድ ምክር ደግሞ ከጎረቤታችን፦ ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቶ አንዱ ፉርጎ ባዶ ከሆነ አትደሰቱ። ኤሲው ተበላሽቷል።

መኪናም ቢሆን ፀሐይ ላይ የዋለች እንደሆነ ምድጃ ናት። የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ 20 ዲግሪ ፋራናይት ያህል ይጨምራል። ልጅ ለደቂቃም አይተውባትም። ኤሲውን እስከ ጫፍ ከፍቶ አጭር መንገድ መንዳት፣ በከባድ ሙቀት ጊዜ፣ በአንድ ጋሎን የምትሄዱትን ከሩብ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ያቺ የቤንዚን 2 ዶላር ወደ 3 የምትጠጋው ያኔ ነው።

ዝናቡ የሚመጣው ማታ ሰው ወደ ቤት በሚሄድበት ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያፍን ውሎ 5 ሰዓት ላይ ይፈርጣል። ሮክ ክሪክ የሚባለው ወንዝ ሲሞላ ከጎኑ ያለው መንገድ ይዘጋል፣ መኪናው ሁሉ ወደ ኮኔቲከትና ወደ 16ኛ መንገድ ይገፋል። ሜትሮም ከዝናቡ አያመልጥም። በ2016 ጁን ክሊቭላንድ ፓርክ ጣቢያ ጎርፉ በደረጃው እንደ ፏፏቴ ወርዷል። እንዲህ ባለ ቀን ቢሮ 40 ደቂቃ መቆየት ከሁለቱም ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ግን ማየት ያለባችሁ የሐዲድ ጥገናውን ነው። ሰመር ላይ መንገደኛ ስለሚቀንስ ሜትሮ ትልልቅ ሥራዎቹን ለዚህ ጊዜ ያቆያል። በ2019 ከሬጋን ኤርፖርት በታች ያሉት ስድስት ጣቢያዎች ሰመሩን ሙሉ ተዘግተው ነበር። በ2023 ተራው የግሪን ላይን ሰሜን ጫፍ ነበር። በ2024 የኛ ደረሰ። ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31 ተዘጋ። ከላዩ ፐርፕል ላይን የሚባለው አዲስ መስመር የሚገናኝበት ግንባታ ነበረ። ነጻ አውቶቡስ ቀርቧል፤ ግን ያቺ 42 ደቂቃ 42 ሆና አልቀረችም። ጎረቤታችን በዚያ ሰመር መኪና ነድቷል። «እሱን አታንሱት» ይላል። መዘጋቱ ወራት ቀድሞ ስለሚነገር ሂሳቡን ከመጀመራችሁ በፊት ጣቢያችሁ እንደማይዘጋ አረጋግጡ።

ምርጫ የሌላቸው

ባቡሩ በሥራ ቀን የሚጀምረው ጠዋት 5:00 ላይ ነው። ሆቴል፣ ኤርፖርት ወይም ዳቦ ቤት 5:00 ላይ ካርድ የሚመታ ሰው በባቡር አይደርስም። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩ የአውቶቡስ መስመሮች አሉ፤ በናንተ መንገድ የሚያልፍ ካለ ዕድለኛ ናችሁ። ልጅ ሰመር ካምፕ ያለው ወላጅም እንደዚያው ነው። ብዙ ካምፕ ልጁን ሊወስድ ዘግይቶ የሚመጣን ወላጅ በደቂቃ እየቆጠረ ያስከፍላል። ሁለት ባቡር ቀይሮ፣ ዝናብ መጥቶ፣ 6:00 ላይ መድረስ ልብ ያደክማል። እንዲህ ያለ ወላጅ ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በባቡር የሚኬድበትን መሀል መንገድ ይሞክር። ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ 5 ዶላር አካባቢ ከፍሎ መኪናውን ያቁምና ከዚያ በባቡር ይግባ።

ቨርጂኒያ ላላችሁ 66 መንገድ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከተማውን ከሚዞረው ቀለበት መንገድ፣ ከቤልትዌይ፣ ውስጥ ጠዋት ከ5:30 እስከ 9:30 ወደ ዲሲ፣ ከሰዓት ከ3:00 እስከ 7:00 ወደ ውጭ ያስከፍላል። ዋጋው በትራፊኩ ይወጣል ይወርዳል፤ ከ40 ዶላር ያለፈበት ቀን አለ። ከ2022 ዲሴምበር ጀምሮ በነጻ ለማለፍ ሦስት ሰው መሆንና ኢዚፓስ ፍሌክስ የሚባለውን የመንገድ ክፍያ መሣሪያ መያዝ ያስፈልጋል። በ95 እና በ395 በኩል ለዚህ መላ ከተዘየደ ቆይቷል። «ስላጊንግ» ይሉታል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሰው ተሰልፎ ይቆማል፣ ብቻውን ያለ ሹፌር ሁለት የማያውቃቸውን ሰዎች ጭኖ በፈጣኑ መስመር በነጻ ያልፋል። ገንዘብ የሚባል ነገር የለም። ረዳት የሌለው ታክሲ በሉት።

ሶፍቱ በቁጥር ሞላ። መጨረሻ ላይ የቀረው 104 ለ325 ነበር፤ ታክሱ ከተስተካከለ 73 ለ325። የአክስቴ ልጅ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «በቃ፣ ሜትሮ» አለች።

አጎቴ ሦስተኛውን ስኒ ጨርሰው ተነሡ። «ሰኞ እኔ አደርስሻለሁ» አሏት። «አውርጄሽ ነው የምመለሰው፣ ፓርኪንግ ምን ያደርግልኛል?»